የተሰረዘ ስም እንዳይነበብ

አቶ ዳኘው ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ በቡሬና በአካባቢዋ በእጅ ጽሕፈታቸው ማማርና ምስጢር በመጠበቅ የሚታወቁ ሰው ነበሩ። ጡረታ ከወጡም በኋላ ብዕር ከእጃቸው አልተለየም፤ ያለ ዕድሜ ጋብቻን ለማስቀረት ነዋሪው ራሱ ላቋቋመው ኮሚቴ በጸሐፊነት ያገለግሉ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ አንድ የገበያ ቀን ረፋድ ላይ፣ ጃንጥላቸውን ይዘው፣ ቡናማ ፖስታ በብብታቸው ሸጉጠው፣ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈሩ።

በፖስታው ውስጥ ያለው አንድ ደብዳቤ ከነኮፒው ነው። ጥር ላይ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የአሥራ ሁለት ዓመት እህቷ ልትዳር መሆኑን ለኮሚቴው ጽፋ፣ ሠርጉ ድግሱ ተጥሎ ሳለ እንዲቀር ሆኗል። ደብዳቤው ያነበበውን ሁሉ ያስለቀሰ ስለነበር፣ ኮሚቴው ስሟ ተሰርዞ ለሕዝብ እንዲለጠፍ ወሰነ። የመሰረዙም ሥራ የተሰጠው ለአቶ ዳኘው ነው። እሳቸውም በጥቁር ቀለም አድምቀው ሰረዙና ፎቶ ኮፒ አስነሥተው፣ አንዱን ኮፒ ያን ዕለት ጠዋት ቡሬ ገበያው አጠገብ ባለው ባለመስተዋት ሰሌዳ ላይ ለጥፈው መጡ። ዋናውን ደግሞ በማግስቱ ፍኖተ ሰላም ላይ በሚደረገው ትልቅ ስብሰባ አዳራሽ በር ላይ ሊለጥፉት ነው።

መኪናው ከከተማ ሲወጣ ወረቀቱ እንዳይታጠፍባቸው ሰጉና አውጥተው ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው አዩት። አጠገባቸው አንዲት ወጣት ተቀምጣለች። ቀና ብላ አየችና በትሕትና ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ውዳሴ ታከለ የምትባለው ልጅ ዘመድዎ ናት?»

አቶ ዳኘው ደንግጠው ወረቀቱን አጥፈው ደረታቸው ላይ ለጠፉት።

«ማን ነገረሽ ይህን ስም?»

«ወረቀቱ ነዋ! ፀሐዩ ከበስተኋላው ሲመታው አየሁት እኮ።»

«ወረቀቱ ላይ እንዲህ የሚባል ስም የለም። እኔ ራሴ ሰርዤዋለሁ።»

«ሰርዘውታል አባባ፤ ግን አልጠፋም። ልጅቱ የጻፈችው በእስክሪብቶ ተጭና ነው፤ እርስዎ የደረቡት ደግሞ የቀለም ብዕር ነው። ሁለቱ ቀለም አንድ አይደለም። በብርሃን ሲያዩት የታችኛው ጠቁሮ ይወጣል። ደግሞ ጀርባውን በጣትዎ ይዳስሱት።»

አቶ ዳኘው እያመነቱ ወረቀቱን ገልብጠው በጠቋሚ ጣታቸው ዳሰሱ። ፊደሎቹ እንደ ስፌት አብጠው ተሰሟቸው። ከዚያም እንደገና ወደ መስኮቱ አንሥተው አዩ፤ ከጥቁሩ መካከል «ውዳሴ» የሚለው ስም ፍጥጥ ብሎ አያቸው። በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራቸው ስንቱን ስም በዚያው ብዕር እንደ ሰረዙ ያስታወሱት ያን ጊዜ ነው፤ ግን ስለዚያ ማሰብ አልፈለጉም።

ወጣቷ ያምሮት ትባላለች። ከቴክኒክ ኮሌጅ በኮምፒውተር ተመርቃ፣ ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ ላይ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከፍታ የምትሠራ ናት። አቶ ዳኘው ይህን ሲሰሙ ትንሽ ተረጋጉ፤ ሰው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሲገሥጸው ንዴቱ ይቀንሳልና። ቢሆንም ወዲያው እጃቸውን አልሰጡም።

«እንግዲህ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የኛ አገር ሰው ወረቀት አንሥቶ በፀሐይ አያይም። አንብቦ ይሄዳል። ከሚያነበውም የማያነበው ይበልጣል።»

«አንድ ሰው ብቻ ቢያየውስ? ለምን ሰረዙት ታዲያ? ከመቶ ሰው ዘጠና ዘጠኙ ክፉ አያስብም። የሰረዙት ለመቶኛው አይደለም?»

ይህን ጊዜ አቶ ዳኘው የታከለ ፊት ድቅን አለባቸው። ታከለ የልጅቱ አባት ነው፤ ሠርጉ ከቀረበት ወዲህ ማን እንደ ጠቆመበት ሲያጠያይቅ ከርሟል። ጥርጣሬው ያረፈው በአስተማሪዎቹ ላይ ነው። በገዛ ልጁ ላይ ቢያርፍ የሚሆነውን ማሰብ ይከብዳል፤ ቀለብ እየሰፈረ ቡሬ ቤት ተከራይቶ የሚያስተምራት እሱ ነው። ትምህርቷን ማስተው ከሚያደርግባት ሁሉ ቀላሉ ነው።

«ተመስገን ነው» አሉ በመጨረሻ፣ «ቡሬ የለጠፍሁት ኮፒውን ነው። ኮፒ በፀሐይ አይታይም።»

«ኮፒውን ያሳዩኝ እስቲ።»

ከፖስታው አንድ ኮፒ አውጥተው ሰጧት። ያምሮት ጥቁሯን ቦታ ብዙም አላየቻትም፤ ከላይ እስከ ታች ቀስ ብላ አነበበች። ስታነብ ፊቷ እየጠቆረ ሄደ። አቶ ዳኘው ከንፈሯን ይከታተሉ ነበር።

«ስሙ እዚህ ላይ ጠፍቷል» አለች። «ግን ይህን ልጠይቅዎ። ‹ቤታችን ከላይኛው ወፍጮ በታች ነው› ትላለች። ከላይኛው ወፍጮ በታች ስንት ቤት አለ?»

«ሦስት።»

«‹እህቴ አደይ› ትላለች። አደይ የምትባል ልጅ ያለችው ከሦስቱ በየትኛው ነው?»

አቶ ዳኘው እጃቸውን ወደ ወረቀቱ ዘረጉ፤ እሷ ግን ማንበቧን ቀጠለች።

«‹እኔ አሥረኛ ክፍል ደርሻለሁ› ትላለች። ከዚያ ቀበሌ አሥረኛ ክፍል የደረሱ ሴቶች ስንት ናቸው?»

«አንድ» አሉ አቶ ዳኘው።

«እንግዲያውስ ስሟን የሰረዙት ለማያውቃት ሰው ነው። የሚያውቃት ሰው ስሟን ማንበብ አያስፈልገውም። የሚጎዳት ደግሞ የሚያውቃት ሰው ነው።»

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊል ይገባል። አቶ ዳኘው ግዴለሽ ሰው አልነበሩም። ልጅቱን እንደ ልጃቸው ያዘኑላት፣ ስሟንም በእጃቸው የሰወሩ ሰው ናቸው። የተሳሳቱት የሰው ማንነት በስሙ ውስጥ ብቻ ያለ መስሏቸው ነው። በዚህ የሚሳሳተው ደግሞ ብዙ ሰው ነው፤ በዚያው በኮሚቴው የተቀመጡት ሰባት ሰዎችም ደብዳቤውን አይተው «ጥሩ ነው፣ ይለጠፍ» ብለው ነበር።

«ልጄ» አሉ አቶ ዳኘው፣ አሁን በክርክር ሳይሆን በጭንቀት፣ «ወፍጮውንም፣ ክፍሉንም፣ የእህቷንም ስም ካወጣነው ከደብዳቤው ምን ይቀራል? ሰው እኮ የሚያምነው እንዲህ ዝርዝሩን ሲያይ ነው። አለዚያ ኮሚቴው ቁጭ ብሎ የፈጠረው ነው ይሉናል።»

«ሕዝቡ ከደብዳቤው ምን እንዲማር ነው የፈለጉት?»

«ልጅን ያለ ዕድሜዋ መዳር ግፍ መሆኑን።»

«ለዚያ የሚያስፈልገው የልጅቱ ዕድሜ ነው፤ ፍርሃቷ ነው፤ ትምህርቷን ልታቋርጥ መሆኗ ነው። ወፍጮው ግን ለማንም ምንም አያስተምርም፤ ለአባቷ ካልሆነ። ለእውነተኛነቱ ደግሞ ኮሚቴው ‹ዋናው በእጃችን ይገኛል› ብሎ ማኅተሙን ያሳርፍ። ዋናው ቆልፈው የሚያስቀምጡት እንጂ የሚለጥፉት አይደለም።»

ከዚያም ያምሮት ራሷን አስቀድማ በመውቀስ ያጋጠማትን ነገረቻቸው። ባለፈው ዓመት አንድ የሕሙማን ማኅበር ሪፖርቱን አስተይቦ በኢሜይል ሊልክ መጣ። የታማሚዎቹ ስም እንዳይታይ ብላ በኮምፒውተሩ ላይ እያንዳንዱን ስም በጥቁር ሣጥን ሸፈነችው። በስክሪኑ ላይ ሲታይ ያማረ ነበር። ሪፖርቱን የተቀበለው ሰው ግን ሣጥኑን በአንድ ጠቅታ አንሥቶ የሁሉንም ስም አነበበው። ደግነቱ ጨዋ ሰው ነበርና ደውሎ ነገራት።

«አባባ፣ ሦስት ቀን ምግብ አልበላሁም» አለች። «መሸፈንና ማጥፋት አንድ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ስሙን ራሱን ከጽሑፉ አጥፍቼ በቦታው ‹ስሟ የተሰወረ› ብዬ እተይባለሁ። ጥቁር እንኳ አልቀባም፤ የጥቁሩ ርዝመት ራሱ ስሙ አጭር ይሁን ረጅም ያሳብቃልና። በኮምፒውተር የሚላክ ከሆነ ደግሞ የድሮው ጽሑፍ ተከትሎ እንዳይሄድ በአዲስ ገጽ እንደገና እጽፈዋለሁ።»

መኪናው ማንኩሳ ሊገባ ነው። አቶ ዳኘው ፖስታውን በሁለት እጃቸው ጨምቀው ይዘዋል። ዛሬ ገበያ ነው። ታከለ ገበያ አይቀርም። ማንበብ አይችልም፤ የሚያነብለት ግን አያጣም።

«ወራጅ!» ብለው ጮኹ።

«አባባ፣ ወዴት?»

«ወደ ቡሬ እመለሳለሁ። ያ ወረቀት ሌላ አንድ ሰዓት እንኳ መዋል የለበትም።»

ያምሮት ሰዓቷን አየች። የሚጠብቃት ሥራ ነበረባት። ነገር ግን ሽማግሌው ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው ብቻቸውን ከመኪናው ሲወርዱ አይታ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተከትላቸው ወረደች።

ወደ ቡሬ የሚመለስ መኪና እስኪመጣ የቆሙበት ጊዜ ለአቶ ዳኘው ከመዝገብ ቤቱ ሠላሳ አንድ ዓመት የረዘመ መሰላቸው። ሁለት ጊዜ ወረቀቱን እያወጡ «የላይኛው ወፍጮ» የምትለውን መስመር አነበቡ፤ ሁለት ጊዜም መለሱት። ያምሮት ልታጽናናቸው ብትሞክር «ተይኝ ልጄ» አሏት።

ቡሬ ሲደርሱ ገበያው ሞልቷል። ሰሌዳው ፊት አራት አምስት ሰው ቆሟል። የመስተዋቱ ቁልፍ ያለው ፊት ለፊት ጨርቅ ከምትሸጠው፣ የኮሚቴው አባል ከሆነችው ከወይዘሮ ኡምሀኒ ዘንድ ነው፤ ሱቋ ግን ተዘግቷል። ጎረቤቷ «የታመመ ልትጠይቅ ወጣ ብላለች፤ አትቆይም» አለቻቸው። ያምሮት ልትፈልጋት ወደተባለው ሠፈር ሮጠች።

አቶ ዳኘው ብቻቸውን ቀሩ። መስተዋት ሰብረው አያወጡት ነገር፣ በገበያ መካከል መስተዋት የሰበረ ሽማግሌ የባሰ ሰው ይሰበስባል። መላ ሲያጡ ጃንጥላቸውን ዘረጉና በሰሌዳው ላይ ደግፈው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። ያነብ የነበረ አንድ ሰው «ኧረ አባባ፣ ይለፉልን» አለ። «ተሳስቶ የተለጠፈ ነው፤ ይቅርታ፣ ይቅርታ» አሉ። ሰዎቹ እያጉረመረሙ ተበተኑ። 

እንዲህ ቆመው ሳለ ታከለ ከበግ ተራ በኩል መጣ። ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ ነሣ።

«እንደምን ዋሉ አቶ ዳኘው። ምነው በጠራራ ግድግዳ ተደገፉ? አመመዎት?»

«ደህና ነኝ ታከለ። ሰው እየጠበቅሁ ነው።»

ታከለ ወደ ጃንጥላው አየ። «እዚህ ሰሌዳ ላይ የልጅ ጋብቻ ወሬ ተለጥፏል አሉኝ። እርስዎን ማግኘቴ ጥሩ ሆነ። ያንብቡልኝ እስቲ።»

አቶ ዳኘው ሌላ ወሬ ፈጥረው ሊያነቡለት ይችሉ ነበር፤ ሰውየው ፊደል አያውቅም። ነገር ግን ውሸቱ ነገ በሌላ አንባቢ ይገለጣል፤ ያን ጊዜ የተደበቀ ነገር እንዳለ ያረጋግጥለታል። ደግሞም ዋሽተው አያውቁም።

«አላነብልህም ታከለ» አሉ።

«ለምን?»

«ይህ ወረቀት ሳይገባው የወጣ ነው። ያወጣሁትም እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን ላነሣው ነው የቆምሁ።»

ታከለ አንድ እርምጃ ቀረበ። «የኔ ጉዳይ ነው?»

«የማንም ቢሆን አላነብም። ነገ ያንተ የቤት ምስጢር በእጄ ቢገባ ለጎረቤትህ ላንብብለት?»

ታከለ በዱላው ጫፍ መሬቱን ነካ ነካ አደረገ። «አያንብቡ» አለ በመጨረሻ። «ግን የጻፈብኝን ሰው አንድ ቀን አውቀዋለሁ።» ባርኔጣውን ደፍቶ ወደ ገበያው ገባ።

ወይዘሮ ኡምሀኒ ከያምሮት ጋር ስትመጣ አቶ ዳኘው እዚያው ግድግዳው ሥር ተቀምጠው አገኟቸው። መስተዋቱን ከፍታ ወረቀቱን ሰጠቻቸውና ጠጋ ብላ በሹክሹክታ ተናገረች።

«ጋሽ ዳኘው፣ እኔማ ስብሰባው ላይ ስላልነበርሁ ደብዳቤውን ያየሁት ዛሬ ጠዋት ነው፤ እንዳነበብሁትም ልጅቱን አወቅኋት። የላይኛው ወፍጮ ሲል የማን ቤት እንደሆነ ሊጠፋኝ ነው? ኮሚቴው መክሮበት ነው ብዬ አፌን ያዝሁ እንጂ።»

ይህ ቃል ለአቶ ዳኘው ከያምሮት ክርክር ሁሉ የበለጠ ነበር። የኮሚቴው አባል በአንድ ንባብ ካወቀቻት ማን አያውቃትም?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጡ። ከታከለ ቀበሌ የሚመጣ ሰው ባዩ ቁጥር «ደህና ናችሁ? ልጆቹስ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ስብሰባውም ያለ ደብዳቤው አለፈ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ተነሥተው ፍኖተ ሰላም ወረዱና በያምሮት የጽሕፈት ቤት ተቀመጡ።

«ደብዳቤውን አንቺ በምትይው መንገድ እናዘጋጀው» አሏት። «እኔ እየነገርሁሽ ትተይቢያለሽ።»

አብረው ሠሩ። ስሞቹ ወጡ፤ ወፍጮው «አንድ የገጠር ቀበሌ» ሆነ፤ አሥረኛ ክፍል «የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ» ተባለ፤ የሠርጉ ቀንም ወጣ። ሲጨርሱ ያምሮት ነገሩን ጨርሶ ለማያውቅ አንድ ደንበኛዋ ሰጥታ «ይህች ልጅ የት አገር ትመስልሃለች?» ብትለው፣ «የትም ልትሆን ትችላለች» አለ። አቶ ዳኘው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

«አሁን ይለጠፍ?»

«አንድ ሰው ይቀራል» አለች ያምሮት። «የደብዳቤው ባለቤት አይታዋለች?»

አቶ ዳኘው ግንባራቸውን ያዙ። በዚህ ሁሉ ወሬ፣ በዚህ ሁሉ ስብሰባ፣ ውዳሴን የጠየቃት አንድ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ቡሬ ላይ፣ ወይዘሮ ኡምሀኒ ጨርቅ የምታሳያት መስላ ልጅቱን ከሱቋ ጓዳ አስገባቻትና ከአቶ ዳኘው ጋር አገናኘቻት። ሽማግሌው ያደረጉትን ሁሉ ሳይደብቁ ነገሯት፤ ይቅርታም ጠየቋት። ውዳሴ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ እየጠመጠመች አዳመጠች። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበች። አንድ መስመር ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይቺ ትውጣልኝ» አለች።

አቶ ዳኘው አዩት። «ሠርጉ በስንት ቀን እንደሚሆን የሰማሁት ውኃ ስንቀዳ ነው» ይላል።

«ይህ ምን ይጎዳል ልጄ? ውኃ የማይቀዳ የለም።»

«ቤት ስሄድ ውኃ የምቀዳው ከእናቴ ጋር ብቻ ነው። አባቴ ቀኑን የነገረው ለእሷ ብቻ ነበር። ይህን ከሰማ የምትጠየቀው እኔ ሳልሆን እሷ ናት።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ጻፊ ያለችኝም እሷ ናት።»

 አቶ ዳኘውም፣ ያምሮትም፣ ያ የማያውቀው ደንበኛም ይህን መስመር አይተው አልፈውታል። በዓለም ላይ አደገኛነቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሷም እስከዚያች ሰዓት አልተጠየቀችም። ኡምሀኒ መቀስ አቀበለች፤ አቶ ዳኘው ግን «መቀስ አይሆንም፤ እንደገና ይተየባል» አሉ።

ደብዳቤው በመጋቢት መጨረሻ ተለጠፈ። ታከለ በገበያ ቀን መጥቶ ኡምሀኒን አስነበባት። ለአቶ ዳኘው በኋላ እንደ ነገረቻቸው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆሞ ሰማ። ሲያበቃ «ስንቱ ቤት እንዲህ ነው ለካ» አለና፣ ጥቂት ቆይቶ «ልጅቱ አሁን ትማራለች?» ብሎ ጠየቀ። «ትማራለች» አለችው። ሌላ ነገር አልጨመረም። አደይም በሚቀጥለው መስከረም ስድስተኛ ክፍል ገባች።

አቶ ዳኘው በኮሚቴው ስብሰባ ቆመው እንዲህ አሉ፦ «ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እስከ ዛሬ ስም ስሰርዝ ኖሬያለሁ፤ ሰውን መሰወር ግን አላውቅም ነበር። ከእንግዲህ ዋናው ወረቀት ከሣጥን አይወጣም። ለሕዝብ የሚወጣው በአዲስ ይጻፋል። ስንጽፍ ‹ይህን የሚያውቅ ጎረቤት ቢያነበው ማንን ያስታውሳል?› ብለን እንጠይቃለን፤ ጉዳዩን የማያውቅ ሌላ ሰውም ይፈትነዋል። ከሁሉ በኋላ ባለቤቱ አይቶ እሺ ሳይል አንዲት ቃል አትለጠፍም። ይህን ብናደርግ የጠቆመ አይጎዳም፤ ሕዝቡም ይማራል፤ እኛም የምንታመን እንሆናለን። ባናደርግ ግን ዛሬ አንድ ደብዳቤ ለጥፈን ነገ የሚመጡትን ሁሉ እናስቀራለን።»

ማንም አልተቃወመም። አንዱ አዛውንት ብቻ «ሥራ አበዛህብን» አሉ፤ እሳቸውም «አዎን፣ ይበዛል» አሉ።

እስከ ሰኔ ድረስ ኮሚቴው አራት ደብዳቤ ደረሰው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት የደረሰው የውዳሴው ብቻ ነበር። ሦስቱ ያለ ስም የተጻፉ ናቸው። በአራተኛው ግርጌ ግን አንዲት ልጅ የራሷን፣ የአባቷንና የቀበሌዋን ስም በደማቅ እስክሪብቶ ጽፋ፣ ከሥሩ እንዲህ ብላለች፦ «ስሜን የጻፍሁት ቶሎ እንድታገኙኝ ነው። ለሌላ እንደማትሰጡት ሰምቻለሁ።»

አቶ ዳኘው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያም በሣጥኑ ውስጥ አኑረው ቆለፉና ባርኔጣቸውን አድርገው ወደ ልጅቱ ቀበሌ መንገድ ጀመሩ።